«ወደህ ነው የተሳፈርከው?» የክዎክ አ ሲንግ ጉዳይ፣ ከማካዎ እስከ ለንደን

እኛ ጋ ኩሊ ማለት አውቶቡስ ተራ ላይ ሻንጣ የሚሸከም ሰው ነው። ጠርተኸው በዋጋ ትስማማለህ፣ ሸክሙን ያወርድልሃል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ኩሊ ሲባል ሌላ ነበር። ለረጅም ዓመት የሥራ ውል ፈርሞ፣ ወይም አስፈርመውት፣ በመርከብ ባሕር ማዶ የሚጫን ቻይናዊ ወይም ህንዳዊ ነው። ሸክሙ ራሱ እሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ የማወራችሁ ከነዚህ ሰዎች ስለ አንዱ ነው። ስሙ ክዎክ አ ሲንግ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፣ ከኛ ጋር እንዳታምታቷቸው።) የሕግ ሰዎች ጉዳዩን የሚያውቁት በሁለት ነገር ነው፤ ተጠርጣሪን ለሌላ አገር አሳልፎ በመስጠትና በባሕር ላይ ውንብድና። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ጎኑ ነው። ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ፣ ብዙ መንግሥታት ተነካኩበት፣ ለንደን ድረስ ሄደ፤ ልጡ ሲላጥ ግን ውስጡ ያለችው አንዲት ጥያቄ ናት። ሰውዬው ወዶ ነው የተሳፈረው ወይስ ተገዶ? ጠያቂዎቹ ፖርቹጋሎችና እንግሊዞች፣ መልሱ በካንቶንኛ፣ በደቡብ ቻይና በሚነገረው ቋንቋ። መሃል ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው ቆሟል። አስተርጓሚው።

መርከቧ

ኑቬል ፔኔሎፕ የፈረንሳይ ባንዲራ የምታውለበልብ መርከብ ነበረች። በኦክቶበር 1870 ወደ 310 ቻይናውያን ጭና ፖርቹጋል ከያዘቻት የደቡብ ቻይና ወደብ ከማካዎ ተነሳች። መድረሻዋ የፔሩ ወደብ ካያኦ ነው። ፓስፊክን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ማለት ነው፣ ወራት የሚፈጅ መንገድ። እሷ ግን ሩቅ አልሄደችም። በጣት የሚቆጠሩ ቀናት እንደተጓዘች ተሳፋሪዎቹ አመፁ። ካፒቴኑንና የተወሰኑ መርከበኞችን ገደሉ፣ መርከቧን ወደ ቻይና መለሱ።

ክዎክ አ ሲንግ ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ የተገኘው ሆንግ ኮንግ፣ በእንግሊዝ ግዛት ውስጥ ነው።

ስሙ ላይ ትንሽ ልቁም። «አ» የምትለዋ ስም አይደለችም። ካንቶንኛ ተናጋሪዎች ሰውን ሲያቀርቡ ከስሙ ፊት የሚያስቀድሟት ድምፅ ናት፤ እኛ ከኋላ «ዬ» እንደምንቀጥለው። ሲንግዬ እንደማለት። የቅኝ ግዛቱ ጸሐፊዎች የሰሙትን ጻፉ፣ ሰውዬውም በሕግ መጻሕፍት ውስጥ እስከ ዛሬ በቁልምጫ ስሙ እንደተከሰሰ ቀረ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን አንድ ፍርድ ቤት የተከሳሹን ስም እንኳ በደንብ ካልሰማ ሌላውን ምን ያህል ሰምቶት ይሆን ያሰኛል።

«እሺ» ማለት ማካዎ ውስጥ

ከ1847 እስከ 1874 ከ120 ሺህ በላይ ቻይናውያን ኩባ ደረሱ። ፔሩ ደግሞ ከ1849 እስከ 1874 ወደ 90 ሺህ ገቡባት። ኩባ ለሸንኮራ አገዳ እርሻዋ ጉልበት ትፈልጋለች። ፔሩ የጥጥና የሸንኮራ እርሻ አላት፣ የባቡር ሐዲድ ትዘረጋለች፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ የቺንቻ ደሴቶች ላይ የወፍ ኩስ ለማዳበሪያ ታስቆፍራለች። አፍሪካውያንን በባርነት ማምጣት እየተከለከለ ሲሄድ ባለ እርሻዎቹ ዓይናቸውን ወደ ደቡብ ቻይና አዞሩ። ውሉ በተለምዶ 8 ዓመት ነው፣ በወር 4 ፔሶ።

እንግሊዝ በ1855 የቻይናውያን መንገደኞች ሕግ አወጣች። ከሆንግ ኮንግ መርከብ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሹም ተሳፋሪዎቹ ወዴት እንደሚሄዱና ምን እንደፈረሙ ማወቃቸውን ማጣራት አለበት። ሹሙ ቻይንኛ አይችልም። ስለዚህ ያው፣ በአስተርጓሚ። ሕጉ ፍጹም አልነበረም፣ ግን ነጋዴዎቹን አጨናነቀ፤ ንግዱም ባሕሩን ተሻግሮ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወዳለችው የፖርቹጋል ማካዎ አዘነበለ።

ማካዎ ላይም ሥርዓት ነበረ፣ ያውም በወረቀት ያማረ። ሰዎቹን ከየመንደሩ የሚያመጣው ደላላ ነው። ለአንዱ ሥራ አለ ይለዋል፣ ለሌላው ቁማር ያስይዘዋል፣ ሌላውን በቃ ጠልፎ ያመጣዋል። ከዚያ ባራኮን የሚሉት ግቢ ውስጥ ተቆልፎባቸው መርከብ እስኪሞላ ይቆያሉ። ከመሳፈራቸው በፊት የፖርቹጋል ሹም ፊት ይቀርባሉ። ውሉ በቻይንኛ ይነበባል። «ወደህ ነው?» ይባላል። «እሺ» ይላል። ይመዘገባል።

ያቺ «እሺ» እንዴት እንደተገኘች የታወቀው ቆይቶ፣ ሰዎቹ ራሳቸው ሲናገሩ ነው። በ1874 የቻይና መንግሥት ቼን ላንቢን የሚባል ባለሥልጣን የሚመራው መርማሪ ቡድን ኩባ ላከ። ቡድኑ 1,176 ሰዎችን በቃል አነጋገረ። ከዚያ በተጨማሪ 1,665 ሰዎች የፈረሙባቸው 85 አቤቱታዎችን ሰበሰበ። ከ10 ሰው 8 ወይም 9 ያህሉ ተታሎ ወይም ተጠልፎ እንደመጣ ተናገረ። «እሺ» ካላልክ ትገረፋለህ የተባለ ነበር። በሱ ቦታ ሌላ ሰው ቀርቦ «እሺ» ያለለትም ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት መዝገቦች ላይ ግን ሁሉም ፈቅዶ የሄደ ነው። ቃሉ በትክክል ተተርጉሟል እኮ! «እሺ» ብሏል፣ «እሺ» ተብሎ ተጽፏል። አስተርጓሚ የሚያስተላልፈው ቃል ነው። ከበስተጀርባ ዱላ ይዞ የቆመውን ሰው አይተረጉመውም።

ማን ለማን አሳልፎ ይሰጣል

ወደ ሆንግ ኮንግ እንመለስ። የቻይና ባለሥልጣናት ክዎክ አ ሲንግ ይሰጠን አሉ። መሠረት አላቸው። በ1858 የቲየንጺን ውል አንቀጽ 21 መሠረት ወንጀል ፈጽሞ ሆንግ ኮንግ የተሸሸገ የቻይና ዜጋ፣ ቻይና በደንቡ ከጠየቀችና ጥፋቱ ከተረጋገጠ ተይዞ ይሰጣል። ይህን የሚያስፈጽም አዋጅም ሆንግ ኮንግ ከ1850 ጀምሮ ነበራት። አንድ ዳኛ ይመረምራል፣ በቂ ምክንያት ካገኘ ሰውዬው ለቻይና ይተላለፋል። እዚያ ደግሞ የነፍስ ግድያ ቅጣቱ አንገት ነው።

ትብብር ሲባል እኩልነት ያለ ይመስላል። አልነበረም። ቻይና ውስጥ ያጠፋ እንግሊዛዊ በቻይና ዳኛ አይዳኝም፣ የሚያየው የራሱ ቆንስል ነው። እኛም ይህን ጣዕሙን እናውቀዋለን፤ በ1908 በፈረንሳዩ ክሎቡኮውስኪ በኩል የተፈረመው ውል አዲስ አበባ ላይ ፈረንጅን የሚመለከት ክስ በልዩ ችሎት እንዲታይ አድርጎ ነበር። በቻይና ልክ ግን አልነበረም።

ከዚህ ውል አጠገብ ሌላውን ደግሞ አስቀምጡት። በማርች 1866 ቻይና ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ተወካዮች ጋር ፔኪንግ (ቤጂንግ) ላይ ስለ ሠራተኛ ስደት አንድ ስምምነት ተፈራረመች። ውሉ ከ5 ዓመት እንዳይበልጥ፣ ሲያልቅም ሠራተኛው በነጻ ወደ አገሩ እንዲመለስ የሚል ነው። ለንደንና ፓሪስ አላጸደቁትም። የመመለሻ ትኬቱ ነገር ባለ እርሻዎቹን አንገሸገሻቸው። ሸሽቶ የመጣን ሰው ይዞ ለማስረከብ የተፈረመው ውል ይሠራል፣ ሰውየው መጀመሪያውኑ እንዳይሸሽ የሚያደርገው ውል መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ይሄ ጉዳይ በአንድ ዳኛ ወይም በአንድ መርከብ ብቻ የሚታይ እንዳልሆነ የገባኝ እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ሳያቸው ነው።

በመሃል የቆሙት ሰዎች

እስካሁን «ዳኛው መረመረ» እያልኩ ነው። ዳኛው በቀጥታ የመረመረው ነገር የለም። ምስክሩ በካንቶንኛ ይናገራል፣ አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ ይለዋል፣ ጸሐፊው የእንግሊዝኛውን ይጽፋል። ካንቶንኛው አየር ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የትም ይሂድ የት፣ የሚሄደው ወረቀቱ ነው።

ሆንግ ኮንግ በዚህ ነገር ክፉኛ የተቃጠለች ከተማ ናት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንግሊዞቹ የሚያምኑት አስተርጓሚ ከአንድ ሰው ብዙም አይዘልም ነበር። ዳንኤል ካልድዌል ይባላል። ሴንት ሄሌና ተወልዶ ሲንጋፖር ያደገ፣ ካንቶንኛን እንደ አፍ መፍቻ የሚናገር፣ ቻይናዊት ያገባ ሰው ነው። ፍርድ ቤቱም ፖሊሱም በሱ አፍና ጆሮ ነው የሚኖሩት። በ1856 ዋና መዝጋቢና የቻይናውያን ጠባቂ አድርገው ሾሙት። ወሬ የሚያቀብለው ማ ቻው ዎንግ የሚባል ሰው ነበረው። በ1857 ይህ ሰው ከባሕር ወንበዴዎች ጋር በመሻረክ ተፈረደበት። ካልድዌል ይፈታልኝ ብሎ ወዲያ ወዲህ አለ። በነጋታው፣ ማለቴ በዓመቱ፣ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ቶማስ ቺዝም ኣንስቲ 19 ክሶች ደርድሮ ካልድዌልን ከሰሰው፣ ግን መጀመሪያ ከሥራ የታገደው ከሳሹ ራሱ ኣንስቲ ነው! ነገሩ እንደገና ተመርምሮ ካልድዌል ለመንግሥት ሥራ አይመጥንም የተባለው በ1861 ነው።

እስቲ አስቡት። እነዚያ ሁሉ ዓመታት ስለ ወንበዴ የሚቀርብ ክስ የሚተረጎመው የወንበዴ ሸሪክ ወዳጅ በሆነ ሰው ነበር። ማን በውንብድና እንደተፈረደበት፣ ማን እንዳመለጠ፣ ማን ምን እንዳለ... ተዉት።

ከዚህ ቅሌት በኋላ መንግሥት ሁለት መንገድ ሞከረ። አንደኛው በ1862 የተጀመረው ነው፤ ከእንግሊዝ ወጣቶችን አምጥቶ ቻይንኛ ማስተማር። ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንዱ ሴሲል ክሌመንቲ ስሚዝ ኋላ ላይ ሲንጋፖርን ጨምሮ የባሕር ሰርጥ ሰፈራዎች የሚባሉት ግዛቶች ገዢ ሆነ። ሁለተኛው መንገድ ርካሽ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የተማሩ ቻይናውያን ልጆችን መቅጠር። ከነዚህ አንዱ ንግ ቾይ ነው። በ1842 በማላይ በኩል የተወለደ፣ ሆንግ ኮንግ ቅዱስ ጳውሎስ ኮሌጅ የተማረ፣ ከ1861 ገደማ እስከ 1874 የፍርድ ቤት አስተርጓሚ። ክዎክ አ ሲንግ ሲያዝ ንግ ቾይ የከተማው ችሎት ደሞዝተኛ ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ።

ዳኛ ስሜል

ክዎክ አ ሲንግ ለቻይና ሊሰጥ እስር ቤት እያለ ጠበቆቹ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አቀረቡለት። ጉዳዩ ዋና ዳኛው ጆን ስሜል ፊት ደረሰ። ጊዜው 1871 ነው። በዚያው ዓመት ዶን ሁዋን የምትባል መርከብ ከማካዎ ለፔሩ ሰዎች ጭና በተነሳች በጥቂት ቀን በእሳት ጋይታ ወደ 600 የሚሆኑ ቻይናውያን አልቀዋል። መውጫው ተቆልፎባቸው ነበር። በዚያ ዓመት ሆንግ ኮንግ ውስጥ ስለ ማካዎ መርከቦች ምንም አልሰማሁም የሚል ሰው አልነበረም።

ስሜል ሌላ ዳኛ የሚዘለውን ዘልሎ አላለፈም። የተለመደው መንገድ «ገድሏል ወይስ አልገደለም?» ብሎ ማስረጃውን አይቶ ማስተላለፍ ነው። እሱ ግን ከዚያ በፊት ያለውን ጠየቀ። እነዚህ ሰዎች መርከቡ ላይ ምን ነበሩ? መንገደኛ ወይስ እስረኛ? ያለ ፈቃዳቸው የተያዙ ከሆነ መርከቧ በስም ካልሆነ በቀር የባሪያ መርከብ ናት፤ ያለ ፈቃዱ የታሰረ ሰው ደግሞ ነፃነቱን ለማስመለስ ኃይል መጠቀም መብቱ ነው፣ ያገተው ሰው ቢሞትም። ከዚያ ላይ የሕጉን ነጥብ ጨመረበት። ግድያው የተፈጸመው በፈረንሳይ መርከብ፣ በፈረንሳዮች ላይ፣ ከቻይና ውኃ ውጭ ነው። ይህ የቻይናን ሕግ የጣሰ ወንጀል ነው ብሎ ማን አረጋገጠ? ስሜል ፈታው።

እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። ቁጡ ነበር፣ ከመንግሥት ጋርም ይጋጭ ነበር፤ በ1879 ደግሞ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለቤት ሠራተኝነት ስለሚሸጡ ትንንሽ ልጃገረዶች ከችሎት ወንበሩ ላይ ሆኖ አገር አመሰ። ግን ልክ ልኩን እንናገር። የሱ ውሳኔ የቆመው ሰዎቹ ተገደው ነው በሚለው ላይ ነው። ያንን ያወቀው ከየት ነው? ከምስክሮች ቃል፣ ማለትም ከእንግሊዝኛ ወረቀት። ያው ማካዎ «እሺ» ብሎ የመዘገበችው ዓይነት ወረቀት፣ አሁን ደግሞ «እምቢ» ይላል።

ከድጡ ወደ ማጡ

ክዎክ አ ሲንግ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተያዘ። የቅኝ ግዛቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ በወቅቱ ጁልያን ፖንስፎት ነው። ሐሳቡ ብልጥ ነበር። ለቻይና መስጠት ካልተቻለ እኛው እዚሁ እንክሰሰው። ክሱ ምን ይሁን? የባሕር ላይ ውንብድና። ወንበዴ የሁሉም አገር ጠላት ስለሆነ የያዘው ሁሉ ሊዳኘው ይችላል፤ የፈረንሳይ መርከብ መሆኗም፣ የቻይና ዜጋ መሆኑም አያግድም። ምርመራ ያደረገው ዳኛም ለፍርድ ይቅረብ አለ።

እንደገና አቤቱታ፣ እንደገና ስሜል። አሁን ስሜል የመዘዘው የ1679ኙን የእንግሊዝ ሕግ ነው። አንድን ሰው አካሉን ነፃ አውጥተህ ከፈታኸው በኋላ በዚያው ጥፋት ደግመህ ብታስረው ሕጉ ይከለክልሃል፣ 500 ፓውንድም ለታሳሪው ትከፍላለህ። ያው መርከብ፣ ያው አመፅ፣ ያው ሞት፣ ስሙን ቀይረህ ነው እንጂ ክሱ አንድ ነው አለ። ለሁለተኛ ጊዜ ፈታው። ዓቃቤ ሕጉ ይግባኝ ብሎ ለንደን፣ የቅኝ ግዛቶች የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የሆነው የንግሥቲቱ ፕሪቪ ካውንስል ፊት ሄደ።

ለንደን

በ1873 ውሳኔው መጣ። ያነበቡት ሎርድ ጀስቲስ ሜሊሽ ናቸው። ለሁለት የተከፈለ ነው።

በመጀመሪያው መፈታት ስሜል ልክ ነው አሉ። አዋጁ «የቻይናን ሕግ የጣሰ ወንጀል» ሲል ቻይና ወንጀል ያለችውን ማናቸውንም ነገር አይደለም፤ በሁሉም አገር ዘንድ ወንጀል የሆነውን ዓይነት ነው። በፈረንሳይ መርከብ ላይ ፈረንሳዊ መግደል ደግሞ በመጀመሪያ የሚመለከተው ፈረንሳይን ነው። ቻይና ይህን በራሷ ሕግ እንደምትቀጣ አልታየም። ስለዚህ ለቻይና መሰጠት አልነበረበትም።

በሁለተኛው ግን ስሜል ተሳስቷል አሉ። መጀመሪያ የታሰረው ለቻይና እንዲሰጥ ነበር፣ ሁለተኛ የታሰረው እዚያው እንዲዳኝ ነው፤ አንድ ጉዳይ አይደለም። ተሳፋሪዎች ተነስተው ካፒቴን ገድለው መርከብ ከወሰዱ ደግሞ ያ በዓለም ሕግ ውንብድና ሊባል ይችላል፤ ማስረጃው ለፍርድ ለማቅረብ ይበቃል።

የሕግ ነጥቡን ብቻ ካያችሁት ለንደኖቹ አሳማኝ ናቸው፣ እኔም ሁለተኛው ላይ ስሜል ሕጉን ለጥጦታል ባይ ነኝ። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ውንብድና ማለት በባሕር ላይ መዝረፍ ነው ብለው ነው የተነሱት፣ የድሮውን የእንግሊዝ ትርጉም ይዘው። ሰዎቹ መርከቧን «የዘረፉት» ወዴት ሊወስዷት ነው? ወደ ቤታቸው። ሸጠው ሊካፈሏት አይደለም። ይህ ልዩነት «ወደህ ነው የተሳፈርከው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ለንደን ላይ ግን ጥያቄው ወደ ዳር ተገፋ። ሽማግሌዎቹ ዳኞች አንድም ካንቶንኛ ቃል አልሰሙም። የተላከላቸውን ወረቀት አነበቡ።

ውሳኔው እድሜው ረጅም ሆነ። በ1934 ፕሪቪ ካውንስል ከሆንግ ኮንግ በመጣ ሌላ ጉዳይ ላይ፣ ዘረፋው ሳይሳካ ቢቀርም ውንብድና ይባላል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ተመልሶ ያየው የክዎክ አ ሲንግን ጉዳይ ነው። ይባላል አለ።

ጎረቤቱ ጉዳይ

የለንደኑ ውሳኔ ገና ሳይመጣ፣ በ1872 ክረምት፣ ማሪያ ሉስ የምትባል የፔሩ መርከብ 230 ያህል ቻይናውያን ጭና ከማካዎ ወደ ካያኦ ስትሄድ ማዕበል መትቷት ዮኮሃማ ወደብ ገባች። አንድ ሰው ባሕር ውስጥ ዘሎ ዋኝቶ አይረን ዱክ ወደምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ደረሰ። የጃፓን መንግሥት ጉዳዩን ያዘ፣ ኦኤ ታኩ የሚባል ባለሥልጣን ችሎት ተቀመጠ። ካፒቴኑ በስፓኒሽ፣ ሰዎቹ በካንቶንኛ፣ ዳኛው በጃፓንኛ፣ የካፒቴኑ ጠበቃ በእንግሊዝኛ። ጠበቃው እናንተስ ሴተኛ አዳሪዎቻችሁን በውል ትሸጡ የለም ወይ ብሎ ጃፓኖቹን አሳፈራቸው፤ በዚያው ዓመት ጃፓን እነዚያን ሴቶች ነፃ የሚያወጣ አዋጅ አወጣች። ቻይናውያኑ ተፈቱ። ቻይና ተወካይ ልካ አገራቸው መለሰቻቸው። ፔሩ ካሣ ብላ ተከራከረች፣ የሩሲያው ዛር አሌክሳንደር 2ኛ አስታራቂ ሆኖ በ1875 ለጃፓን ፈረደ።

ጥያቄው አንድ፣ መስመሩ አንድ፣ መድረሻው ወደብ እንኳ አንድ ነው። ልዩነቱ ዮኮሃማ ላይ ደም አልፈሰሰም። ደም ሳይፈስ የሚደርስ ዳኛ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነበር። ፖርቹጋል በ1873 መጨረሻ ንግዱን ከለከለች፤ ክልከላው በ1874 ጸና።

አስተርጓሚው ካያኦ ደረሰ

ንግ ቾይን ያዙልኝ ብዬ ነበር። በ1874 ሥራውን ለቆ ለንደን ሄደ፣ ሊንከንስ ኢን በሚባለው የጠበቆች ማኅበር ሕግ ተማረ፣ በ1877 በእንግሊዝ ጠበቃ ሆኖ የተመዘገበ የመጀመሪያው ቻይናዊ ሆነ። ተመልሶ በ1880 የሆንግ ኮንግ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ቻይናዊ እሱ ነው። ሌላው ሰው ሲናገር አፉን ይከፍት የነበረ ሰው አሁን ራሱ ይናገራል። ከዚያ ወደ ቻይና ተሻግሮ የኃያሉ ባለሥልጣን የሊ ሆንግጃንግ አማካሪ ሆነ፣ ስሙም ዉ ቲንግፋንግ በሚለው ታወቀ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ዋሽንግተን ላይ የቻይና መልዕክተኛ (በዲፕሎማቶች አጠራር ሚኒስትር) ሆኖ ቻይናውያን እንዳይገቡ የሚከለክለውን የ1882 የአሜሪካ ሕግ በንግግርም በደብዳቤም ሲቃወም ኖረ። በዚያው ጊዜ ዋሽንግተን ላይ የእንግሊዝ አምባሳደር ማን መሰላችሁ? ጁልያን ፖንስፎት። የያኔው ዓቃቤ ሕግ። የችሎት አስተርጓሚና ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ በአንድ ከተማ ሁለቱም ዲፕሎማት።

ዉ ቲንግፋንግ አገሩ ሲመለስ ከሕግ አዋቂው ሼን ጂያበን ጋር የቻይናን ሕግ እንዲያሻሽል ተሾመ፣ በ1905 ሰውን ቆራርጦ የሚገድለው ቅጣት ቀረ። ዓላማቸው ግልጽ ነበር። ሕጋችን ከተሻሻለ ፈረንጆቹ በቆንስል እንዳኛለን ማለታቸውን ይተዋሉ።

ከዚያ 1909 መጣ። ሊማ ውስጥ በቻይናውያን ላይ ሁከት ተነሳ፣ ሱቆቻቸው ተዘረፉ። በዚያው ሰሞን፣ በሜይ 14፣ የፔሩ መንግሥት 500 ፓውንድ በእጁ የሌለው ቻይናዊ አይገባም የሚል ድንጋጌ አወጣ። ዉ ቲንግፋንግ ለፔሩም የተሾመ ስለነበር ሊማ ወረደ። ኑቬል ፔኔሎፕ ልትደርስበት ከነበረው ወደብ አጠገብ ማለት ነው። በኦገስት ከፔሩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፖራስ ጋር ፕሮቶኮል ፈረመ። ፔሩ የ500 ፓውንዱን ድንጋጌ አነሳች። በምላሹ ቻይና ራሷ፣ በራሷ ፈቃድ፣ ሠራተኞቿ ወደ ፔሩ እንዳይሄዱ ልትገድብ ተስማማች።